ዜሮ ማርሽ ላይ ምን ይዞራል?

ጥያቄ፦ ፒክአፕ መኪናዬ ሞተሩ ተነስቶ ዜሮ ማርሽ ላይ ሲቆም ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) የማያቋርጥ ጉርምርምታ ይሰማል። ፍሪሲዮን ስረግጥ ፀጥ ይላል። መካኒኩ የፍሪሲዮን ሸራ ይቀየር ብሎኛል። ልስማማ?

መልስ፦ ገና አይስማሙ፤ ምልክቱ የሚጠቁመው ወደ ካምቢዮው ውስጥ ነው። ዜሮ ማርሽ ጎማውን ከሞተሩ ይለያል እንጂ ካምቢዮውን አያቆምም። እግርዎ ፍሪሲዮን ላይ ካልሆነ ሸራው ከቮላኖው (ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) ጋር ተጣብቆ የመግቢያውን ዘንግ በሞተሩ ፍጥነት ያዞረዋል። እሱ የታችኛውን ዘንግ፣ የታችኛው ደግሞ ወደፊት የሚነዱትን ማርሾች ሁሉ ያዞራል። ማርሾቹ ግን በመውጫው ዘንግ ላይ ልቅ ሆነው ይሽከረከራሉ፤ ማርሽ ማስገባት ማለት ከእነሱ አንዱን ከዘንጉ ጋር መቆለፍ ነው።

ፍሪሲዮን ሲረገጥ ይህ ሁሉ በአንድ ሁለት ሴኮንድ ይቆማል። ድምፁ አብሮ ከጠፋ ዋናው ተጠርጣሪ የመግቢያው ወይም የታችኛው ዘንግ ኩሽኔታ ነው። ሲረግጡ ብቻ የሚሰማ ቢሆን ኖሮ የፍሪሲዮኑን መግፊያ ኩሽኔታ እንጠረጥር ነበር። በሚኒሞ ብቻ ተሰምቶ ነዳጅ ትንሽ ሲሰጡት የሚጠፋ ቀላል መንቋቋት ደግሞ ብዙ ጊዜ ጉዳት የለውም።

ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት ዘይቱ ይታይ። ሞተሩን አጥፍተው፣ መኪናውን ሜዳ ላይ አቁመው በጎን ያለውን መሙያ ቡሎን ይፍቱ፤ ዘይቱ እስከ ቀዳዳው የታች ከንፈር መድረስ አለበት። ከዚያ ማፍሰሻው ይፈታ። በማፍሰሻው ቡሎን ማግኔት ላይ ግራጫ ቅባት መሳይ ብናኝ ቢገኝ የተለመደ መበላት ነው፤ በጣት የሚለቀም ስባሪ ከተገኘ ግን ካምቢዮው መውረዱ አይቀርም። የሚሞላው ዘይት የመኪናው መመሪያ ያዘዘው ብቻ ይሁን። ጂኤል-4 (የማርሽ ዘይት ደረጃ ነው) ካለ በጂኤል-5 አይተኩት፤ የአንዳንዱ ጂኤል-5 ቅመም የሲንክሮ ቀለበቶችን (ማርሽ ሲገባ ፍጥነት የሚያመሳስሉትን) ነሐስ ይበላል።

ኋላ ማርሽ ሲገባ የሚንጫረረውም በዚሁ ምክንያት ነው፦ በብዙ መኪና ኋላ ማርሽ ሲንክሮ የለውም፣ ዘንጉም ገና አልቆመም። ረግጠው ሦስት ሴኮንድ ይጠብቁ። አምስት ሴኮንድ ቆይቶም ከተንጫረረ ፍሪሲዮኑ በደንብ አይለይም፤ መስመሩ አየር ገብቶበት እንደሆነ፣ በሽቦ የሚሠራ ከሆነም ሽቦው ላልቶ እንደሆነ ይታይ።

ጥያቄ፦ ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ስወርድ ነዳጅ ለመቆጠብ ዜሮ ማርሽ አደርጋለሁ። ይጎዳል?

መልስ፦ እባክዎ ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት። ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ የሚወርድ ነው፤ በዜሮ ማርሽ ሞተሩ ምንም አይዝልዎትም፣ ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል። የፍሬኑ ሸራ ይግላል፣ የፍሬን ዘይቱ ሊፈላ ይችላል፤ ያኔ ፔዳሉ መሬት ይነካል። ፍጥነት ከጨመረ በኋላ ዝቅተኛ ማርሽ ፈልጎ ማስገባትም ይከብዳል፤ በግድ ቢገባ እንኳ ሞተሩ ከልኩ በላይ ይዞራል።

ቁጠባውም የለም። በኢንጀክሽን የሚሠራ ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ ነዳጅ ፔዳሉ ሲለቀቅ ጎማው ራሱ ያዞረዋል፤ ኮምፒውተሩም ዙሩ ወደ ሚኒሞ እስኪቀርብ ነዳጁን ይዘጋል። ዜሮ ማርሽ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣት አለበት። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ዳገቱን በሚወጡበት ማርሽ ይግቡ፤ ፍሬኑን አጥብቀው እየያዙ ፍጥነት ቀንሰው ይልቀቁ እንጂ ዝም ብለው አይደገፉበት።

ጥያቄ፦ በኋላ ጎማ የሚነዳ መኪና ሞተሩ ጠፍቶ በዜሮ ማርሽ ረጅም መንገድ ቢጎተትስ?

መልስ፦ ጎማው የመውጫውን ዘንግ ያዞራል፣ ዘይት የሚረጨው የታችኛው ዘንግ ግን ቆሟል፤ ኩሽኔታዎቹ ደርቀው ይቃጠላሉ። የኋላ ጎማዎቹ ይነሱ፣ ወይም ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ረጅም ዘንግ ይፈታ። ከመፍታትዎ በፊት ዘንጉና ዲፈረንሻሉ ፊት ለፊት የሚገጥሙበትን ቦታ በቀለም ምልክት ያድርጉ፤ ተዛውሮ ከታሰረ መኪናው ሲሄድ ይንቀጠቀጣል።