«ኮዴን የፈታው የለም፤ ሲቪዬ ላይ ልጻፈው?»

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «የኮምፒውተር ሳይንስ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የራሴን የምስጠራ ዘዴ ሠርቻለሁ። ፊደላቱን ወደ ቁጥር ቀይሮ በምስጢር ቃል ያደበላልቃቸዋል። ስድስት መስመር ጽሑፍ መስጥሬ ለጓደኞቼ ሰጠኋቸው። ሁለት ወር ሙሉ የፈታው የለም። በዚህ ሙያ መሥራት እፈልጋለሁ። ዘዴውን ሲቪዬ ላይ ላስገባው? ወይስ አፕ ሠርቼበት ልሽጠው?»

ሁለቱንም አታድርግ። ግን አትከፋ፤ ከአንተ በፊት እዚሁ መንገድ ላይ የነበረ ሰው አለ። ፒጂፒ የተባለውን የኢሜይል ምስጠራ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1991 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ያወጣው ፊል ዚመርማን በተማሪነቱ ድንቅ ያለውን ዘዴ ፈልስፎ ነበር። ከዓመታት በኋላ ያንኑ ዘዴ በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ አገኘው። የቀረበው ግን «ይህን ፍቱ» ተብሎ ለጀማሪዎች በተሰጠ የቤት ሥራ መልክ ነው።

ጓደኞችህ አልፈቱትም ማለት ብዙ አይነግረንም። ምናልባት አሥር ደቂቃ አይተው ትተውታል። ስድስት መስመር ደግሞ በጣም አጭር ነው፤ ዘዴውንም ደብቀሃቸዋል። «ዞዲያክ» የተባለው አሜሪካዊ ተከታታይ ነፍሰ ገዳይ የላከውን ባለ 340 ምልክት ምስጢራዊ ጽሑፍ ተመልከት። ከ1969 እስከ 2020 ድረስ 51 ዓመት ሳይፈታ ቆየ። ያስቸገረው ግን የሰውዬው ጥበብ አልነበረም። ጽሑፉ አጭር ነው፣ ዘዴው አይታወቅም፣ ራሱ ሲመሰጥር የሠራቸው ስህተቶችም አሉበት። በመጨረሻ የፈቱት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ በትርፍ ጊዜያቸው ነው የሠሩት። እኔ ቀጣሪ ብሆን የምፈልገው እነሱን ነው እንጂ ኮዱን የሠራውን አይደለም (በሌላውም ምክንያት ጭምር!)።

«ቁልፉ፣ ማለትም ሊመረጥ የሚችለው የምስጢር ቃል፣ እኮ ስፍር ቁጥር የለውም» ትለኝ ይሆናል። የእንግሊዝኛን 26 ፊደላት እርስ በርስ ብታቀያይር የሚቻሉት ቁልፎች ብዛት 4 ተጽፎ ከኋላው 26 ዜሮ የሚከተለው ቁጥር ያህል ነው። ሆኖም በእስክሪብቶና በወረቀት ይፈታል። የዐረቡ ሊቅ አል-ኪንዲ በ9ኛው ክፍለ ዘመን መንገዱን ጽፎታል፦ የትኛው ምልክት ደጋግሞ እንደመጣ ቁጠር፤ በቋንቋው ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣውን ፊደል ሳይተካ አይቀርም። በአማርኛም ያው ነው፤ የቃላት መጨረሻ ላይ «ን» እና «ው» ስንቴ እንደሚመጡ አስበው።

አሁን የቤት ሥራህን ልስጥህ። ፕሮግራምህ ውስጥ «አ»ን ብቻ ሺህ ጊዜ አስገባና ውጤቱን እይ። የምስጢር ቃልህ ስድስት ፊደል ከሆነና በየስድስቱ ያው ነገር ከተደጋገመ፣ ካሲስኪ የተባለ የፕሩሲያ መኮንን በ1863 ባሳተመው፣ ከድግግሞሹ የቁልፉን ርዝመት በሚያወጣው ዘዴ ይፈታል ማለት ነው። ካልተደጋገመ ሌላ ቀዳዳ ፈልግ። ከዚያ ዘዴውን ምንም ሳትደብቅ ጻፈው። የምስጠራ ሊቁ ከርክሆፍስ በ1883 እንዳለው ምስጢር ሆኖ መቅረት ያለበት ቁልፉ ብቻ ነው። አፕ ብትሸጥ እኮ ፕሮግራሙን ፈታትቶ ዘዴውን የሚያይ ሰው አይጠፋም።

ሲቪህ ላይ የሚገባው ያ ጽሑፍ ነው፦ «የራሴን ምስጠራ እንዴት እንደሰበርኩት»። «የማይፈታ ኮድ ሠርቻለሁ» ብለህ ብትጽፍ ግን የሚያነበው ባለሙያ ፈገግ ይላል፤ የደግ ፈገግታ ግን አይደለም።

ሥራውን በተመለከተ፣ አዲስ ምስጠራ መንደፍ ጥቂት ሰዎች የሚሠሩት የምርምር ሥራ ነው፤ ብዙ ሒሳብ ይጠይቃል። ዛሬ በየስልኩ ያለው ኤኢኤስ (AES) የተባለው የምስጠራ ዘዴ እንኳ በ1997 በተጠራ ውድድር ከ15 ዕጩዎች መካከል የተመረጠ ነው። ተወዳዳሪዎቹ አንዱ የሌላውን ለመስበር ሲሞክሩ ከርመው በ2000 የሁለት ቤልጅየማውያን ሥራ አሸነፈ። የሰፋው የሥራ በር ሌላ ነው፦ የታወቁትን ዘዴዎች በትክክል መጠቀምና ሌሎች ሲጠቀሙ የት እንደተሳሳቱ መፈተሽ። ስለዚህ የቁጥር ንድፈ ሐሳብና ፕሮባቢሊቲ ኮርሶችን አትዝለል፤ ፓይተን ካልቻልክ ዛሬውኑ ጀምር። ክሪፕቶፓልስና ክሪፕቶሃክ በተባሉት ድረ ገጾች ላይ ያሉት መልመጃዎች በነጻ ናቸው፤ አብዛኞቹ ደግሞ «ስበር» ነው የሚሉህ።

የላክህልኝን ስድስት መስመር አልሞከርኩትም። ዘዴውን ጨምረህ ስትልክልኝ ግን አንድ ቅዳሜ እሰጠዋለሁ።