የኮድ ውስብስብነት መቼ ይለካል? ኮዱስ መቼ ይነካል? (ጥያቄና መልስ)

ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ከጀሞ፣ ከየካ አባዶና ከአካባቢው ፕሮግራመር አባሎቻችን የቀረቡ ጥያቄዎች ናቸው። መላሹ የደመወዝና የሒሳብ ሲስተም የሚሠራ አባላችን ነው። በስም ፋንታ ሰፈር ጽፈናል።

ኮዬ፦ ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? ሳይክሎማቲክ ኮምፕሌክሲቲ በትክክል የሚቆጥረው ምኑን ነው?

መላሽ፦ እግዚአብሔር ይመስገን። ቶማስ ማኬብ እ.ኤ.አ. በ1976 ያቀረበው መለኪያ ነው፤ በአጭሩ መለኪያውንም "ማኬብ" እለዋለሁ። በአንድ ፈንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) ውስጥ መንገዱ ስንት ቦታ ላይ እንደሚገነጠል ይቆጥራል። ከ1 ትጀምርና ለእያንዳንዱ ኢፍ ("ይህ ከሆነ")፣ ሉፕ (ድግግሞሽ)፣ ኬዝ (አማራጭ)ና ካች (ስህተት መያዣ) 1 ትጨምራለህ። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ኢፍ ውስጥ ያለውን ኤንድና ኦርም ይቆጥራሉ። ኤልስ ብቻውን አይቆጠርም።

ጀሞ፦ ጣሪያው ስንት ይሁን? እኛ ቤት አንዱ 10 ይላል፣ ሌላው 20።

መላሽ፦ ማኬብ ራሱ 10 ነው ያለው። ከመለኪያ መሣሪያዎቹ ላይዛርድ ካልነካኸው ከ15 በላይ ሲሆን ያስጠነቅቃል፣ ኢኤስሊንት ደግሞ የውስብስብነት ሕጉን ስታበራው ከ20 በላይ። ራዶን በፊደል ነው የሚሰጠው፤ እስከ 5 ኤ፣ እስከ 10 ቢ፣ እስከ 20 ሲ እያለ ይወርዳል። ለአዲስ ኮድ 10 አድርጉ። ለነባሩ የዛሬውን ቁጥር መዝግቡና ከዚያ እንዳይበልጥ ከልክሉ። ነባሩን በአንድ ቀን 10 ይሁን ብላችሁ ሲአይ (ኮድ ሲገባ በራሱ የሚፈትሸው ሲስተም) ላይ ከዘጋችሁት ሰው ፈንክሽኑን ያለ ትርጉም እየሸነሸነ "ክፍል 1"፣ "ክፍል 2" ብሎ ያልፋል።

የካ አባዶ፦ የደመወዝ ግብር የሚያሰላው ፈንክሽናችን 7 ብቻ አሳየ። ግን ማንም አንብቦ አይገባውም። መሣሪያው ተሳስቶ ነው?

መላሽ፦ አልተሳሳተም። አንቺ የፈለግሽው የንባብ ድካምን ነው፣ እሱ የሚቆጥረው መገንጠያን። ብዙ መሥሪያ ቤት ያለ ችግር ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልመልሰው።

በአዋጅ ቁጥር 979/2008 የደመወዝ ግብር 7 እርከን ነበረው፤ እስከ 600 ብር ነፃ፣ ከዚያ 10፣ 15፣ 20፣ 25፣ 30 እና 35 በመቶ። 7 እርከን ለመለየት 6 ኢፍ ይበቃል፤ በ1 ላይ ሲደመር 7። ኮዱ በኤልስ ኢፍ ተከታትሎ ቢጻፍም፣ አንዱ ኢፍ በሌላው ኤልስ ሆድ ውስጥ እየገባ 6 ደረጃ ወደ ታች ቢሄድም ማኬብ ያው 7 ነው የሚለው። ሶናርኩብ የሚባለው ኮድ መመርመሪያ የሚጠቀምበት ኮግኒቲቭ ኮምፕሌክሲቲ (የንባብ ድካም መለኪያ) ግን ጥልቀትን ይቀጣል። በተከታታዩ አጻጻፍ ለመጀመሪያው ኢፍ 1፣ ለ5ቱ ኤልስ ኢፍ 5፣ ለመጨረሻው ኤልስ 1፤ ድምሩ 7። በተሰገሰገው ግን ኢፎቹ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5፣ 6 እያሉ 21 ይሆናሉ፣ 6ቱ ኤልሶች ሲጨመሩ 27። ዓይናችሁን ያደከመው ይሄ 27 ነው።

ኢፎቹን አሰልፎ ማሳመር ግማሽ መንገድ ነው። እርከን ዳታ ስለሆነ ከኮዱ ይውጣና ሠንጠረዥ ይግባ፤ የእርከኑ ጣሪያ፣ መቶኛው፣ ተቀናሹ (ደመወዙ በመቶኛው ከተባዛ በኋላ የሚቀነሰው)። የ979 ተቀናሾች 60፣ 142.50፣ 302.50፣ 565፣ 955 እና 1,500 ናቸው። የሚቀረው አንድ ሉፕና አንድ ኢፍ ነው፤ ማኬብ 3 ይላል። አራተኛውን ዓምድ ግን አትርሺ፤ እርከኑ ከመቼ ጀምሮ እንደሚሠራ የሚለውን። በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 እርከኑ 6 ሆነ፣ እስከ 2,000 ብር ነፃ ተደረገ፣ ተቀናሾቹም 300፣ 500፣ 850፣ 1,350 እና 2,050 ሆኑ። የድሮውን ቁጥር በአዲሱ የተካ ሰው ያለፈ ወር ደመወዝ ድጋሚ ሲያሰላ በአዲሱ እርከን ይቆርጣል። በ12,000 ብር ደመወዝ ላይ በድሮው 2,700፣ በአዲሱ 2,250 ነው የሚቆረጠው። በአንድ ሠራተኛ በአንድ ወር የ450 ብር ስህተት ማለት ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ቴስት (የኮዱን መልስ የሚፈትሽ ኮድ)። ቴስት ሳይጻፍ ኮድ አይነካም። የድሮው ፈንክሽን ዛሬ የሚሰጠውን መልስ፣ ስህተትም ቢሆን፣ እንዳለ መዝግቢ። 0 ስጪው፣ የእያንዳንዱን እርከን ጣሪያ ስጪው፣ ከየእርከኑ መሐል አንድ አንድ ደመወዝ ስጪው። በተለይ 1,650.50 ስጪው። የድሮው አዋጅ (979) "ከ601 እስከ 1,650"፣ "ከ1,651 እስከ 3,200" ብሎ ስለሚጽፍ ያንኑ ገልብጦ ኮድ ያደረገ ሰው 1,650.50 የትም እርከን አያገኝለትም፤ ፈንክሽኑ ግብር 0 ብሎ ይመልሳል። ትክክለኛው 105.08 ነው። ይህን ስታገኚ እዚያው አታርሚው። ቴስቱ 0 ይበል፣ ሪፋክተሩ (መልሱን ሳይቀይር ኮዱን ማስተካከሉ) ይለቅ፣ ከዚያ በሌላ ኮሚት (አንድ ላይ የሚመዘገብ የኮድ ለውጥ) እርማቱ ይግባ። ሁለቱ በአንድ ኮሚት ከገቡ ነገ ልዩነት ሲመጣ ከየትኛው እንደመጣ አይታወቅም።

አያት፦ ማኬብ 7 ካለ 7 ቴስት ይበቃል ማለት ነው?

መላሽ፦ አይበቃም። 6 ኢፍ ተከታትለው፣ አንዱ ከሌላው ሳይያያዝ ከመጡ ማኬብ 7 ይላል፤ መንገዶቹ ግን 2 ለ6 ጊዜ በራሱ ሲባዛ 64 ናቸው። 10 ቢሆኑ 1,024። ኤንፓዝ የሚባለው መለኪያ ይህን ነው የሚቆጥረው።

ሰበታ፦ ሰላም። ኮዴ በጣም ውስብስብ ሆኖብኛል፣ ምን ይሻለኛል?

መላሽ፦ በምን ቋንቋ? ስንት መስመር? የትኛው ፈንክሽን? ምን ልትጨምርበት ስትል ነው ያስቸገረህ? እነዚህን ይዘህ ተመለስ። እንዲህ ተጠይቆ የሚመለስ ነገር የለኝም።

ቱሉ ዲምቱ፦ ላይዛርድ 140 ፈንክሽን ከ15 በላይ ናቸው አለን። ከየት እንጀምር?

መላሽ፦ ሰው ሁሉ ሊጠይቀው የሚገባ ይሄ ነው። ከትልቁ ቁጥር አትጀምሩ። ማኬብ 60 ያለው ፋይል 3 ዓመት ማንም ካልነካው ተዉት፤ እየሠራ ነው። ገንዘብ የሚበላው ውስብስብም የሆነ፣ በየሳምንቱ የሚነካም ፋይል ነው።

ጊት ሎግን (የኮድ ለውጥ መዝገቡን) የ12 ወር ታሪክ፣ የፋይል ስም ብቻ፣ የኮሚቱን መልእክት ሳይጨምር እንዲያወጣ እዘዙት። ውጤቱን ደርድራችሁ እያንዳንዱ ስም ስንት ጊዜ እንደመጣ ቁጠሩ። የላይኞቹን 20 ውሰዱ፣ በየስሙ አጠገብ ውስብስብነቱን ጻፉና በተነካበት ብዛት አባዙ። የመጀመሪያዎቹ 5 ሥራችሁ ናቸው።

ቁጥሩን የሚያበላሹ አራት ነገሮች አሉ። የሎክ ፋይል (የላይብረሪ ቨርዥን ዝርዝር)፣ ማይግሬሽን (የዳታቤዝ ለውጥ ስክሪፕት)ና በማሽን የተጻፈ ኮድ ይውጡ፤ ሁሌ ከላይ ይመጣሉ። ፎርማተር (የኮድ አጻጻፍ አስተካካይ) በአንድ ቀን ሁሉንም ፋይል የነካበት ኮሚት ይውጣ። ስሙ የተቀየረ ፋይል ለሁለት ተከፍሎ ይቆጠራል፣ በእጅ ደምሩት። አራተኛው ብዙ ሰው ያታልላል፤ ሲአይ ላይ ካሰላችሁት ማሽኑ ብዙ ጊዜ የመጨረሻውን ኮሚት ብቻ ነው የሚያወርደው። ያኔ ሁሉም ፋይል 1 ጊዜ ተነካ ይላል። ሙሉ ታሪኩን አውርዱ።

ከ5ቱም ቢሆን አዲስ ሥራ የመጣበትን አስቀድሙ። መጀመሪያ ቴስት፣ ቀጥሎ ባሕርይ የማይቀይር ሪፋክተር፣ ከዚያ አዲሱ ሥራ፤ እያንዳንዱ በራሱ ኮሚት።

ገላን፦ የእኛ አንደኛ የወጣው የዘመን መለወጫው ነው። ማኬብ 34። በየመስከረሙ እንነካዋለን።

መላሽ፦ በየወሩ ኢፍ ጽፋችሁ ይሆናል። ሁለቱንም አቆጣጠር ወደ አንድ ተራ የቀን ቁጥር ለውጡ፣ ከዚያ ቁጥር ወደ ሌላው ተመለሱ፤ ኢፎቹ በሙሉ ወደ ሒሳብ ይቀየራሉ። ጳጉሜ 6 የምትሆነው ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ነው፤ 0 ሲተርፍ ብሎ የሚጽፍ ብዙ ነው። ቴስት፦ ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ነው፣ መስከረም 1 ቀን 2016 ደግሞ ሴፕቴምበር 12።

ለገጣፎ፦ መለወጫው ለምን አስፈለገ? ተጠቃሚው በእኛ ዘመን ያስገባል፣ ዳታቤዙም በእኛው ያስቀምጥ።

ገላን፦ ወንድሜ፣ የዳታቤዙ ዴት (የቀን) ዓምድ ውስጥ ጥቅምት 30ን፣ ማለትም 2ኛ ወር 30ኛ ቀን፣ አስገባና እየው። ፌብሩዋሪ 30 የለም ብሎ ይመልስልሃል። 13ኛ ወርም አይቀበልም።

ለገጣፎ፦ በጽሑፍ ዓምድ አስቀምጠዋ። ዓመት፣ ወር፣ ቀን በዜሮ ሞልተህ ከጻፍክ ቅደም ተከተሉ አይዛባም።

ገላን፦ ቅደም ተከተሉስ ይሁን። በሁለት ቀን መካከል ስንት ቀን እንዳለ ስትፈልግ ምን ልታደርግ ነው? የዓመት ፈቃድ እንዴት ታሰላለህ? ያው መለወጫ ትጽፋለህ።

ኮዬ፦ ደረሰኝ ላይ ግን የተጻፈው ቀን እንዳለ መቀመጥ አለበት፣ ለኦዲት።

ለገጣፎ፦ እኔም የምለው ይሄንኑ ነው።

መላሽ፦ ይብቃ። በአውሮፓውያኑ አስቀምጡ፣ ማሳያው ላይ ለውጡ። ደረሰኝ ላይ የታተመው ቀን እንደ ጽሑፍ በሌላ ዓምድ ይቀመጥ። ወደ ጉዳያችን እንመለስ።

ቡራዩ፦ ሁሉን ትተን ከባዶ ብንጽፈውስ? 6 ወር ይበቃናል።

መላሽ፦ አይበቃችሁም። የድሮው ኮድ ውስጥ እያንዳንዱ እንግዳ ኢፍ አንድ ቀን የመጣ አቤቱታ መልስ ነው፤ ከባዶ ስትጽፉ አቤቱታው እንደገና ይመጣል። አንዱን ሞጁል ለይታችሁ ተኩ።

ሃና ማርያም፦ ጋሼ፣ አለቃችን በየወሩ የእያንዳንዳችንን የኮምፕሌክሲቲ አማካይ ለሥራ ምዘና ሊጠቀምበት ነው።

መላሽ፦ እባክሽ ይህን አስነብቢው። ይህ ቁጥር ለሰው መመዘኛ አይደለም። አስቸጋሪውን ሞጁል የወሰደው ልጅ ዝቅተኛ ውጤት ያገኛል፣ ቀላል ኮድ ብቻ የሚጽፈው ከፍተኛ። በሁለት ወር ውስጥ አስቸጋሪውን የሚነካ ሰው ይጠፋል። አማካይ ደግሞ ምንም አይናገርም፤ 99 ፈንክሽን 1 ሆነው አንዱ 101 ቢሆን አማካዩ 2 ነው።

ጀሞ 2፦ ጣሪያው ስንት ይሁን?

መላሽ፦ ከላይ ተመልሷል፣ አንብበው።

ኮዬ 2፦ ለኤአይ ሰጥቼ ሪፋክተር ባስደርገውስ?

መላሽ፦ ማንም ያድርገው፣ ቴስት ሳይጻፍ ኮድ አይነካም። ቴስቱንና ሪፋክተሩን በአንድ ትእዛዝ አታሠራው፤ ቴስቱን አዲሱ ኮድ ከሚሰጠው መልስ ጋር አስማምቶ ሊጽፍልህ ይችላል። መጀመሪያ ቴስቱ በድሮው ኮድ ላይ ሮጦ ይለፍ።

የካ አባዶ፦ ሠንጠረዡን ነገ ልጀምር ነው። ቀኑ 23 ነው፣ ችግር አለው?

መላሽ፦ አለው። ደመወዝ ከ25 ጀምሮ ይሠራል፣ በዚያ ሳምንት ስሌቱ አይነካ። ነገ ቴስቱን ብቻ ጻፊ። ደመወዙ ከወጣ በኋላ የወሩን እውነተኛ ዝርዝር በድሮውም በአዲሱም አስልተሽ በሳንቲም አወዳድሪ፤ አንድም መስመር ካልተለያየ ልቀቂው። በየእርምጃው ኮሚት አድርጊ፣ ፑሽም አድርጊ (ወደ ሰርቨር ላኪው)፤ እናንተ ሰፈር መብራት ሲሄድ እንደምታውቂው ነው።