መስመር ሁሉ ንብርብር አይደለም፦ የባሕር ወለል ደለልን ለምታጠኑ ወጣቶች

ውድ የሙያ ልጆቼ፣

በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት ለአንድ የጥናት ቡድን የሴይስሚክ ምስሎችን፣ ማለትም ወደ ባሕሩ ወለል ተልኮ ከሥሩ ካለው ደለል በሚንጸባረቅ የድምፅ ሞገድ የሚሠሩ ምስሎችን፣ እንድተረጉም ተመድቤ ነበር። በምስሎቹ ላይ፣ ከባሕሩ ወለል በታች፣ የወለሉን ውጣ ውረድ እየተከተለ የሚሄድ፣ ያዘነበሉትን የደለል ንብርብሮች ግን አቋርጦ የሚያልፍ አንድ ደማቅ መስመር ይታይ ነበር። እንዲህ ያለው መስመር የወለሉን ቅርጽ ስለሚመስል በሙያችን ቢኤስአር ይባላል። በዚያን ጊዜ ስለ ሚቴን ሃይድሬት፣ ማለትም ሚቴን ጋዝን በውስጡ ስለያዘ በረዶ መሰል ነገር፣ ብዙ አንብቤ ስለነበር ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም፤ መስመሩ የሃይድሬት ቀጠና የታችኛው ጠርዝ ነው ብዬ ጻፍኩ፣ በሥሩ ምን ያህል ጋዝ ሊኖር እንደሚችልም አስልቼ ሰንጠረዥ አዘጋጀሁ። ሪፖርቱ ሊወጣ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት አንድ አንጋፋ ባልደረባዬ ምስሉን ለአፍታ ተመልክተው፣ «የባሕሩ ወለል ራሱ በዚህ ፋይል ላይ ጥቁር ነው ወይስ ነጭ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

አላየሁም ነበር። ወለሉ ነጭ ነበር፣ መስመሬም ነጭ። እኔ ነጩን እንደ አሉታዊ ነጸብራቅ፣ ማለትም ከመስመሩ በታች የለሰለሰ ነገር እንዳለ የሚያሳይ ምልክት፣ ቆጥሬ ጋዝ አገኘሁ ብያለሁ፤ ፋይሉ ግን ከተለመደው በተገለበጠ ምልክት የተቀመጠ ነበርና ነጭ ማለት አዎንታዊ ማለት ነበር። ወለሉና መስመሩ አንድ ምልክት ከያዙ ደግሞ ከመስመሩ በታች ያለው ደለል ከበላዩ ካለው የጠነከረ ነው፤ በጋዝ የለሰለሰ ሊሆን አይችልም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ የሦስት ወር ሥራዬን መልሼ ለመሥራት ተገደድኩ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁም ስለዚያ መስመር እውነተኛ ማንነት ነው፤ ምክንያቱም መስመሩ ንብርብር አልነበረም፣ ጋዝም አልነበረም፣ በዝግታ ማዕድኑ የተለወጠ ደለል ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው በውሃው ላይኛው ክፍል ከሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ነው። ዳያተሞችና ራዲዮላሪያኖች በባሕር ውሃ ውስጥ የሟሟውን ሲሊካ ወስደው ከለላቸውን ይሠራሉ። የባሕር ውሃ በሲሊካ ያልጠገበ በመሆኑ፣ ፍጥረታቱ ሲሞቱ አብዛኛው ቅርፊት ወደ ታች እየወረደም ሆነ በወለሉ ላይ ተኝቶ ይሟሟል፤ የሚቀበረው ጥቂቱ ብቻ ነው። ሆኖም ምርታቸው እጅግ በበዛባቸው ባሕሮች ያ ጥቂቱ ተጠራቅሞ በመቶዎች ሜትር የሚለካ ደለል ይሠራል። ይህ ሲሊካ ውሃ ያዘለና የክሪስታል ሥርዓት የሌለው ስለሆነ ኦፓል-ኤ ይባላል። ቅርፊቶቹ ባዶ ሣጥን የሚመስሉ በመሆናቸው፣ ከላይ ብዙ ክብደት ቢጫንባቸው እንኳ በቀላሉ አይደቁም፤ በመቶዎች ሜትር ጥልቀት ላይም ከደለሉ ይዘት ከ60 በመቶ የሚበልጠው ውሃ የሞላው ቀዳዳ ሆኖ ይቆያል።

ደለሉ በጥልቀት ተቀብሮ ሙቀቱ ከፍ ሲል ግን ያ ጽናት በአንድ ጊዜ ይሰበራል። ኦፓል-ኤ መጀመሪያ ኦፓል-ሲቲ ወደተባለ ከፊል ሥርዓት ወዳለው ሲሊካ፣ ኋላም ሙሉ ክሪስታል ወደሆነው ኳርትዝ ይለወጣል። ኦፓል-ኤ ከኦፓል-ሲቲ ይልቅ፣ ኦፓል-ሲቲም ከኳርትዝ ይልቅ በውሃ ውስጥ በቀላሉ ይሟሟሉ። ስለዚህ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ባለው ውሃ አማካይነት አንዱ እየሟሟ ሌላው እንደ አዲስ ይረጋል። የመጀመሪያው ለውጥ በአብዛኛው ከ35 እስከ 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ይከሰታል፤ ወደ ኳርትዝ የሚደረገው ሁለተኛው ለውጥ ከዚያ የላቀ ሙቀትና ብዙ ዘመን ይፈልጋል። ቅርፊቱ ሲሟሟ የደለሉ ምሰሶ ይወድቃል፣ ውሃው ይወጣል፣ ቀዳዳማነቱም ወደ 40 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። እዚህ ላይ ብዙ ተማሪዎች የሚስቱትን ልንገራችሁ፦ የሴይስሚክ ሞገድ ለማዕድኑ ስም ደንታ የለውም። ሞገዱ የሚመልሰው ለእፍግታና ለፍጥነት ለውጥ ነው፤ ማዕድኑ በሞገዱ ላይ የሚታየውም ቀዳዳውን ስላጠፋ ነው።

ቁጥሩን አብረን እንሥራው፤ እኔ በእጅ ያልሠራሁትን ስሌት አላምንም። ከድንበሩ በላይ ያለው ደለል እፍግታው 1.4 ግራም በሴንቲሜትር ኩብ፣ የድምፅ ፍጥነቱም 1,600 ሜትር በሰከንድ ነው እንበል፤ ከድንበሩ በታች ደግሞ 1.7 እና 1,900 ይሁን። የሁለቱ ብዜት ከላይ 2,240፣ ከታች 3,230 ይሆናል። ልዩነታቸው ለድምራቸው ሲካፈል 0.18 ገደማ ይወጣል፤ ይህም በደለል ውስጥ እጅግ ደማቅ የሚባል ነጸብራቅ ነው። ጥልቀቱንም መገመት ትችላላችሁ። የወለሉ ሙቀት 2 ዲግሪ፣ የሙቀቱ ጭማሪም በየኪሎ ሜትሩ 50 ዲግሪ ከሆነ፣ 45 ዲግሪ የሚደረሰው በ860 ሜትር ላይ ነው። ጭማሪው እጥፍ ከሆነ ያው ሙቀት በ430 ሜትር ይገኛል። እኩል ሙቀት ያላቸው ነጥቦች የሚፈጥሩት ገጽ ወለሉን ተከትሎ ስለሚሄድ ነው መስመሩ ንብርብሮችን እያቋረጠ የወለሉን ቅርጽ የሚይዘው።

የሃይድሬቱ መስመርም ወለሉን የሚመስለው በተመሳሳይ ምክንያት ነው፤ እኔን ያሳሳተኝም ይህ ነው። ሃይድሬት ግን የሚጸናው በሙቀትና በግፊት ሚዛን ሲሆን፣ ከሥሩ ነፃ ጋዝ ሲኖር የድምፅ ፍጥነት ይወድቃል፤ ስለዚህ ነጸብራቁ ከወለሉ ምልክት ተቃራኒ ይሆናል። ሌላም መለያ አለ። ውሃው ጥልቅ ወደሆነበት ስትሄዱ ግፊቱ ስለሚጨምር፣ የሙቀቱ ጭማሪ እኩል ከሆነ የሃይድሬቱ ድንበር ከወለሉ በታች ያለው ጥልቀት ይጨምራል፤ የኦፓሉ ድንበር ግን ለግፊት ያን ያህል አይገዛም። በ1995 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ ጠረፍ ማዶ በሚገኘው በብሌክ ሪጅ በተካሄደው ቁፋሮ ቢኤስአር ጎልቶ በሚታይባቸው ቦታዎች ከድንበሩ በታች ነፃ ጋዝ ተገኝቷል፤ መስመሩ በማይታይበት ጉድጓድም ሃይድሬት መኖሩ ተረጋግጧል። መስመር አላየሁም ማለት ነገሩ የለም ማለት እንዳልሆነ ከዚህ ተማሩ።

ሁለቱን የሚለየው ትልቁ ነገር ግን፣ በእኔ ግምት፣ ትዝታ ነው። ሃይድሬት ሙቀቱ ሲለወጥ ይቀልጣል፣ ሁኔታው ሲመለስም እንደገና ይሠራል፤ ስለዚህ የዛሬውን ሚዛን ይከተላል። ኦፓል-ሲቲ የሆነ ደለል ግን ተመልሶ ኦፓል-ኤ አይሆንም። ከላይ ያለው ደለል ቢሸረሸር ወይም አካባቢው ቢቀዘቅዝ፣ ድንበሩ ባለበት ደርቆ ይቀራል። በአንዳንድ ቦታ የኦፓሉን ድንበር የዛሬ ሙቀት ስትለኩ ከሚጠበቀው በታች ብታገኙት ቴርሞሜትሩን አትውቀሱ፤ ድንበሩ የቀድሞ ዘመን ሙቀት ምስክር ሊሆን ይችላል፣ ከላዩ ምን ያህል ደለል እንደተወሰደ ለመገመትም ይረዳል። ስንት ጥሩ ጥናት «የማይገጥም» ተብሎ ከተጣለ ቁጥር እንደተጀመረ ብነግራችሁ ይገርማችኋል።

ይህ እውቀት የመጣው ከጉድጓድ ነው። በሰሜን አትላንቲክ ሆራይዘን ኤ የሚባል ሰፊ ነጸብራቅ ከቁፋሮ በፊት ይታወቅ ነበር። በ1968 እ.ኤ.አ. ግሎማር ቻሌንጀር በተባለችው መርከብ የጥልቅ ባሕር ቁፋሮ ሲጀመር፣ ነጸብራቁ ከኢዮሲን ዘመን ቸርት፣ ማለትም እንደ ባልጩት ከጠነከረ የሲሊካ ድንጋይ ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኘ። ድንጋዩ የመሰርሰሪያውን ጥርስ እየበላ ሥራውን ስላስቸገረ፣ መሐንዲሶች ጥርሱ ተቀይሮ ወደዚያው ጉድጓድ የሚመለሱበትን ዘዴ ለመፈልሰፍ ተገደዱ። በ1971 እ.ኤ.አ. ይህችው መርከብ በቤሪንግ ባሕር ቆፈረች፤ ወለሉን የሚመስለው መስመር ዳያተም የሞላበት ለስላሳ ደለል ወደ ጠንካራ የጭቃ ድንጋይ የሚለወጥበት ቦታ ላይ ተገኘ፣ ቆይቶም የኦፓል-ኤ እና የኦፓል-ሲቲ ድንበር መሆኑ ተብራራ። በ1989 እ.ኤ.አ. ጆይደስ ሬዞሉሽን የተባለችው የቁፋሮ መርከብ በጃፓን ባሕር ስትቆፍር ያው ድንበር የምድር ውስጥ ሙቀቱ ከፍተኛ በሆነበት ባሕር በድጋሚ ታየ።

ድንበሩን እንደ ስለት የቀጠነ አድርጋችሁ አትሳሉት። በካሊፎርኒያ በሞንተሬይ ፎርሜሽን፣ ማለትም ቀድሞ የባሕር ደለል የነበሩ ንብርብሮች ዛሬ በየብስ ላይ በሚታዩበት ቦታ፣ ሸክላ የበዛባቸው ንብርብሮች ወደ ኦፓል-ሲቲ ለመለወጥ ይዘገያሉ፣ ወደ ኳርትዝ ለመለወጥ ግን ይቀድማሉ። ስለዚህ በአንድ ጥልቀት ላይ የተለወጠና ያልተለወጠ ንብርብር እየተፈራረቀ ሊገኝ ይችላል። ፍጥነቱ 1,800 ሜትር በሰከንድ በሆነ ደለል ውስጥ 40 ኸርዝ ድግግሞሽ ያለው ሞገድ 45 ሜትር ርዝመት አለው፤ የሽግግሩ ውፍረት ከዚያ ሩብ፣ ማለትም ከ11 ሜትር እየበለጠ ሲሄድ ነጸብራቁ ይደክማል። ለዚህም ነው በዝቅተኛ ድግግሞሽ የደመቀው መስመር በከፍተኛ ድግግሞሽ መሣሪያ ላይ አንዳንዴ የሚጠፋው። ሁለቱን መሣሪያዎች አስተያይታችሁ ግራ ከተጋባችሁ፣ ስለ ሽግግሩ ውፍረት እየተነገራችሁ ሊሆን ይችላል።

ሌላ የሚያታልል ነገር አለ፦ አንዱ አካባቢ ቀድሞ ሲለወጥና ሲጨመቅ፣ ከላዩ ያሉት ንብርብሮች እየሰመጡ ይታጠፋሉ። ያንን መታጠፍ የምድር ቅርፊት እንቅስቃሴ ያመጣው ነው ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ከመጻፋችሁ በፊት ከመታጠፉ በታች የኦፓል ድንበር መኖር አለመኖሩን ተመልከቱ።

ስለ ሸክላና ስለ ካልሲየም ካርቦኔት አጭር እሆናለሁ። ስመክታይት የተባለው ሸክላ ከ60 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ኢላይት ይለወጣል፣ ለዚህም ፖታሲየም ይፈልጋል፣ በለውጡም ውሃ ይለቃል። ለውጡ በሰፊ ጥልቀት የተዘረጋ ስለሆነ አንድ ጥርት ያለ መስመር መስጠቱ ብዙ ጊዜ አይጠበቅም፤ የተለቀቀው ውሃ መውጫ ሲያጣ የሚፈጥረው ከፍተኛ ግፊት ግን የድምፅ ፍጥነትን ዝቅ ስለሚያደርግ በሴይስሚክ ሊታወቅ ይችላል። የካርቦኔት ዝቃጭ ደግሞ ወደ ኖራማ ለስላሳ ድንጋይ፣ ኋላም ወደ ጠንካራ የኖራ ድንጋይ ሲሸጋገር ፍጥነቱ ይጨምራል፤ በዚያ ግን የመጀመሪያው ንብርብር ልዩነትና የኋለኛው ለውጥ አንዱ በሌላው ላይ ስለሚደራረቡ መለየቱ ይከብዳል።

ስለዚህ ልጆቼ፣ አዲስ ፋይል ስትከፍቱ መጀመሪያ የወለሉን ምልክት በማስታወሻችሁ ላይ ጻፉ። የፋይሉን መግለጫ ብቻ አትመኑ፤ እኔም መግለጫውን አንብቤ ነበር። ቀጥላችሁ በአቅራቢያው ጉድጓድ ካለ የእፍግታና የፍጥነት መለኪያውን ወስዳችሁ ሰው ሠራሽ የሴይስሚክ ምልክት ሥሩና ከምስሉ ጋር አስተያዩት። ከዚያ በኋላ ወደ ድንጋዩ ሂዱ። ኤክስሬይ ዲፍራክሽን ላይ፣ ማለትም የማዕድንን የአተም አደራደር በኤክስሬይ በሚለየው ምርመራ፣ ኳርትዝ በ3.34 አንግስትሮም (በአተም ንጣፎች መካከል ያለው ርቀት የሚለካበት አሃድ) ጥርት ያለ ጫፍ ያሳያል፤ ኦፓል-ኤ ግን ጫፍ የሌለው ሰፊ ጉብታ ብቻ ነው፣ ኦፓል-ሲቲም በ4.1 አንግስትሮም አካባቢ ይለያል።

መርከብ ላይ ለመውጣት ዕድል ካላገኛችሁ አታዝኑ። ጆይደስ ሬዞሉሽን በ2024 እ.ኤ.አ. የሳይንስ ቁፋሮ አገልግሎቷን ብታበቃም፣ የተቆፈሩት ናሙናዎች በጀርመን ብሬመን፣ በጃፓን ኮቺና በአሜሪካ ኮሌጅ ስቴሽን በማቀዝቀዣ ክፍሎች ተጠብቀው ይገኛሉ፤ ለምርምር ናሙና ለሚጠይቅ ሰው ይሰጣሉ፣ መረጃቸውም ክፍት ነው። ናሙናው ሲደርሳችሁ የደረቀውን የዳያተም ደለል በአንድ እጃችሁ፣ የተለወጠውን በሌላው ያዙ። የመጀመሪያው እንደ ቡሽ ቀላል ነው፣ ምላስ ሲነካውም ይጣበቃል፤ ሁለተኛው ይከብዳል፣ ሲሰበርም ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። እኔ ሁለቱን በእጄ የያዝኳቸው ስህተቴ ከታወቀ ከአንድ ዓመት በኋላ ነበር፤ ያንን ነጭ መስመር በዚያ ሰንጠረዥ ፊት ለፊት ዳግመኛ ሳየው ከእጄ ክብደት ጋር ማገናኘት የቻልኩት ያኔ ነው።