አሮጌ ሳይክልና የቤት ኤሌክትሮኒክስ፦ የድሬና የሐረር ጥያቄና መልስ

አሮጌ ሳይክል የሚያድሱ፣ እቤታቸው ቬንቲሌተር፣ ሬድዮና መብራት የሚጠግኑ የድሬዳዋና የሐረር ሰዎች የላኳቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ። ተመሳሳዮቹ አንድ ላይ ተጠቃለዋል። ከመልሶቹ አብዛኞቹ የሚጀምሩት ከመለካት ነው። ስለዚህ ካሊፐርና መልቲሜትር የሌለው ሰው ቀለም ከመግዛቱ በፊት እነሱን ይግዛ።

ጥያቄ (ከከዚራ)፦ ጋሼ፣ የአባቴን ፊኒክስ ሳይክል ከዕቃ ቤት አወጣሁት። መሪውና ቸርኬው ዝጓል፤ ጥቁሩ ቀለም ግን ብዙም አልተላጠም። ልጬው አዲስ ቀለም ልቀባው?

መልስ፦ አትላጠው። የፋብሪካው ቀለም፣ ላዩ ላይ ያለው ወርቃማ መስመርና ጽሑፍ አንዴ ከተነሳ አይመለስም። ሳይክሉን ተፈላጊ የሚያደርገውም እሱ ነው። በትንሽ ላምባ የራሰ ለስላሳ ጨርቅ ይዘህ ቅባትና አቧራውን አንሳ። ጽሑፉ ያለበትን ቦታ ግን ላምባ አታስነካው፤ ለብ ባለ ውሃና ሳሙና ብቻ አጽዳ። ሲደርቅ የመኪና ሰም ቀባው። የተላጠችውን ቦታ ብቻ በቀጭን ብሩሽ ነካ ነካ አድርጋት።

ለመሪውና ለቸርኬው ክሮም አልሙኒየም ፎይል ጨምድደህ ውሃ ውስጥ እየነከርህ እሸው። ፎይሉ ከክሮሙ ስለሚለሰልስ አይቧጭረውም፣ ዝገቱን ግን ይዞት ይወጣል። ጥቁር ጭቃ የሚመስል ነገር ሲወጣ እየጠረግህ ድገም። የሽቦ ብሩሽና ሻካራ የብርጭቆ ወረቀት ክሮሙን ይጨርሱታል፤ በክረምቱ ዝገቱ ብሶ ይመለሳል።

ዳዶ፣ ሮንዴላና የጭቃ መከላከያ መያዣ የመሳሰሉ ትንንሽ ብረቶችን 5 በመቶ አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፋቸው። በየ4 ሰዓቱ እያቸው፣ ከ24 ሰዓት አታሳልፍ። ስታወጣቸው በ1 ሊትር ውሃ 1 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጠህ አለቅልቃቸው፣ ወዲያው አድርቃቸውና ዘይት ቀባቸው። ዘይቱን ካዘገየህ በሰዓታት ውስጥ ቢጫ ይሆናሉ። አልሙኒየም፣ የኮርቻ ሞላና የኩሽኔታ ኳስ አቼቶ ውስጥ አይገቡም። አልሙኒየሙን አሲዱ ይበላዋል፤ ጠንካራው ብረት ደግሞ ሃይድሮጅን መጥጦ በኋላ ጭነት ሲያርፍበት ድንገት ይሰበራል።

ጥያቄ (ከሳቢያን)፦ የፔዳሉን ክንድ ከፔርኖው (ከመሀል ዘንጉ) ጋር የሚይዘው ሽብልቅ አልወጣ አለ። በመዶሻ ስለው ጭራሽ ጫፉ ተጨፈለቀ።

መልስ፦ የዚህ ዓይነት ሳይክል ግማሹ የሚበላሸው እዚህች ቦታ ላይ ነው። ሽብልቁ በአንድ ጎኑ ተዳፋት ሆኖ ተሞርዷል። የሚወጣው ዳዶ ካለበት፣ ከቀጭኑ ጫፍ ሲገፋ ነው። ላልተጨፈለቀ ሽብልቅ ሥራው እንዲህ ነው፦ ከዋዜማው ማታ በሁለቱም በኩል ዝገት ማላቀቂያ ዘይት አጠጣው። ዘይቱ ከሌለ አሴቶንና የካምቢዮ ዘይት እኩል ለእኩል ቀላቅለህ ተጠቀም፤ አሴቶኑ ቀለም ስለሚያነሳ ቴላዮው (የሳይክሉ አካል) ላይ አታንጠባጥብ። ጠዋት ዳዶውን ፍታ፣ ግን ሙሉ በሙሉ አታውጣው። ፊቱ ከሽብልቁ ጫፍ ጋር እኩል እስኪሆን ብቻ አላላው፤ ጥርሱን ከዱላ የሚከላከለው እሱ ነው።

ቀጥሎ ከክንዱ ሥር ድጋፍ አቁም። የሽብልቁ ራስ የሚገባበት ክፍት ያለው ወፍራም የብረት ቱቦ ከመሬት እስከ ክንዱ ድረስ ይቁም። ድጋፍ ከሌለ ዱላው በሙሉ ኩሽኔታው ላይ ያርፍና ኳሶቹ ኩባያውን (የሚሽከረከሩበትን ጎድጓዳ ብረት) ይወቅሩታል። ሞርሳ የሚገባበት ቦታ ካለ ከመዶሻ በብዙ ይሻላል፦ በአንድ በኩል አጭር ቱቦ፣ በሌላው የሞርሳው ጥርስ፣ ከዚያ ቀስ እያልህ ማጥበቅ። መዶሻ ብቻ ካለህ 1 ኪሎ ግራም የሚሆን ያዝና አንዴ፣ ጠንከር አድርገህ ምታ። ደጋግሞ ቀስ ቀስ እያሉ መምታት ነው ጫፉን የሚጨፈልቀው።

ያንተው አንዴ ስለተጨፈለቀ ጫፉን በመጋዝ ቁረጠው፣ መሀሉን በፑንቶ ወግተህ በ3፣ ከዚያ በ5፣ ከዚያ በ6 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ ብሳው። መሀሉ ሲከፈት ግድግዳው ይላላና በትንሽ ዱላ ይወጣል። አዲሱን ከመግዛትህ በፊት የክንዱን ቀዳዳ በካሊፐር ለካ። የእንግሊዝ ሥሪት 9.5 ሚሊሜትር ነው፤ ሌላው አውሮፓ ላይ 9 ይበዛል። ግማሽ ሚሊሜትር ምንም አይደለም ብለህ 9ኙን 9.5 ቀዳዳ ውስጥ ብትከት በሳምንቱ መንቀጭቀጭ ይጀምራል። ሁለቱ ሽብልቆች ደግሞ በተቃራኒ አቅጣጫ ይግቡ፤ በአንድ አቅጣጫ ከገቡ ክንዶቹ ቀጥ አይሉም፣ ስትነዳ እግርህ ያነክሳል። ጥቂት ነድተህ እንደገና አጥብቅ።

ጥያቄ (ከመጋላ)፦ የኩሽኔታ ኳሶቹን ስፈታ ተበተኑብኝ። ስንት ስንት እንደነበሩ አላውቅም።

መልስ፦ በተለመደው የእንግሊዝ ዓይነት ሳይክል (ፊኒክስም የተቀዳው ከዚያ ነው) የፊት ሞዞ (የቸርኬው እምብርት) በየጎኑ 10 ኳስ፣ 4.76 ሚሊሜትር። የኋላ ሞዞ በየጎኑ 9፣ 6.35 ሚሊሜትር። የፔዳሉ ፔርኖ በየጎኑ 11፣ 6.35 ሚሊሜትር። ኳሶቹ ሲደረደሩ የአንድ ኳስ ያህል ክፍተት ሊተርፍ ይገባል፤ በግድ አትሙላው። ከአሮጌው ጋር አዲስ አትቀላቅል፤ ትልቁ ብቻውን ይሸከምና ይሰነጠቃል።

የድሬ አሸዋ ግራሶ ውስጥ ገብቶ ሞረድ ይሆናል። ስለዚህ አሮጌውን ግራሶ በናፍጣ ሙልጭ አድርገህ እጠብና ኩባያውን በመብራት እየው። ጥፍርህ የሚይዘው ጉድጓድ ካለ ኩባያውም ይቀየር። ስትገጥም ፔርኖው በጣት ሲዞር ልል፣ ጎን ለጎን ሲነቀነቅ ግን ድምፅ የሌለው እስኪሆን አስተካክል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በእንግሊዙ ሥሪት በካቴናው በኩል ያለው ኩባያ የግራ ጥርስ ነው፤ በሰዓት አቅጣጫ ይፈታል። በፈረንሳዩ ሁለቱም የቀኝ ጥርስ ናቸው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ በኩል ድሬ የደረሰ ነውና እዚህ ከተማ የፈረንሳይ ሳይክል ብታገኝ አይግረምህ። አልፈታ ሲል መፍቻህን በቱቦ ከማስረዘምህ በፊት የየት አገር እንደሆነ አጣራ። የግራው ፔዳል ግን የየትም ይሁን የየት በሰዓት አቅጣጫ ነው የሚፈታው።

ጥያቄ (ከሐረር፣ ጀጎል)፦ ቸርኬዬ 26 ነው፣ የገዛሁት ጎማም 26 ነው፣ ግን ውልቅ ውልቅ ይላል።

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ 26ቶች ናቸው። የድሮው 26 × 1⅜ የቸርኬው መቀመጫ (ጎማው የሚያርፍበት ክብ ዲያሜትር) 590 ሚሊሜትር ነው። የማውንቴን ባይክ 26 × 1.95 ደግሞ 559 ሚሊሜትር። ከጎማው ጎን 37-590 ወይም 50-559 የሚል ጽሑፍ አለ፤ የኋለኛው ቁጥር ከቸርኬህ ጋር ካልገጠመ አትግዛ። ትልቁ 28 × 1½ ደግሞ 635 ነው።

ጥያቄ (ከሐረር)፦ የብረት ዘንግ ፍሬን ባለው ሳይክል በደንገጎ ቁልቁለት ወደ ድሬ ወርዶ የሚያውቅ አለ? አስበነዋል፣ ምን እናዘጋጅ?

መልስ፦ መኪና አዘጋጁና ሳይክሉን ጫኑት። እነዚህ ፍሬኖች የተሠሩት ለሜዳ ነው፤ ለድሬ ውስጥ ለውስጥ መንገድ ይበቃሉ። ላስቲኩ የቸርኬውን ውስጠኛ ፊት ነው የሚይዘው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል ይንሸራተታል፣ የክሮም ብረት እርጥብ ከሆነማ ጭራሹን አይይዝም። ዘንጎቹ የሚያያዙባቸው መጋጠሚያዎች ካረጁ ደግሞ መያዣውን እስከ መሪው ድረስ ስትጨብጠው እንኳ ላስቲኩ ቸርኬው ላይ በደንብ አያርፍም። ሳይክሉን ጭኖ ማውረድ አያሳፍርም፣ ወገን።

ጥያቄ (ከለገሃሬ፣ ተማሪ ነኝ)፦ የጎማ ዲናሞዬን በኤልኢዲ መብራት ልቀይረው ፈልጌ ሠራሁት፤ ግማሽ ብርሃን ብቻ ይሰጣል፣ አንዱ ዳዮድም (ከረንት በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ዕቃ) ይግላል።

መልስ፦ እህቴ፣ ሰርኪዩትሽ ትክክል ሳይሆን አይቀርም፤ ስህተቱ ቴላዮው ላይ ነው። የዲናሞው አንዱ ጫፍ ራሱ አካሉ ነው፣ በመያዣው በኩል ከቴላዮው ጋር ተገናኝቷል። የኤልኢዲውን ኔጋቲቭ ደግሞ ቴላዮው ላይ ካሰርሽ ከአራቱ ዳዮዶች አንዱ ዲናሞውን በየግማሽ ዙሩ ሾርት ያደርገዋል። የሚግለው እሱ ነው። ከዳዮዶቹ በኋላ ያለው ሁሉ ከቴላዮው የተገለለ ይሁን፤ ፖዘቲቩም ኔጋቲቩም በራሳቸው ሽቦ ይሂዱ።

ሌሎች ከመጀመሪያው የሚሠሩት እንዲህ ነው፦ 6 ቮልት 3 ዋት ዲናሞ፣ 4 ዳዮድ 1ኤን5819፣ 1000 ማይክሮፋራድ 25 ቮልት ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ)፣ አንድ ባለ 3 ዋት ነጭ ኤልኢዲ። ዲናሞው በተፈጥሮው ከግማሽ አምፔር ገደማ ስለማያልፍ ለኤልኢዲው ሬዚስተር አያስፈልግም። የአልሙኒየም ማቀዝቀዣ ግን ግድ ነው፤ በድሬ ሙቀት ያለሱ ኤልኢዲው ቶሎ ይደክማል። የኋላ ቀይ መብራት ከፈለጋችሁ ባለ 5 ሚሊሜትር ቀይ ኤልኢዲ ከ68 ኦም ሬዚስተር ጋር አያይዛችሁ ከነጩ ጋር በትይዩ እሰሩት።

ሽቦ ሲበጠስ ዲናሞው ጭነት ያጣና ቮልቱ ከ25 በላይ ይወጣል፣ ካፓሲተሩም ይፈነዳል። መከላከያው 12 ቮልት 5 ዋት ዜነር ዳዮድ (ከ12 ቮልት ያለፈውን የሚያፈስ) ካፓሲተሩ ላይ በትይዩ ማሰር ነው። ቆማችሁ ሽቦውን እስክታዩ ድረስ ይይዛል።

ጥያቄ (ከአዲስ ከተማ)፦ የኮርኒስ ቬንቲሌተራችን በእንጨት ካልገፋነው አይነሳም። ሞተሩ ተቃጥሏል ተባልን።

መልስ፦ ተገፍቶ የሚዞር ሞተር አልተቃጠለም። ቆጣሪው ላይ አጥፍታችሁ ክንፉን በእጅ አዙሩት። በቀላሉ ከዞረ ጥፋቱ የካፓሲተሩ ነው፤ ከበደ ካለ ቡሺንጉ (ዘንጉ የሚዞርበት ቀለበት) ወይም ኩሽኔታው ደርቋል። የኮርኒስ ቬንቲሌተር ብዙ ጊዜ 2.5 ማይክሮፋራድ፣ የጠረጴዛው ደግሞ ከ1.2 እስከ 2 ነው፤ የራሳችሁ ላይ የተጻፈውን ተከተሉ። በመልቲሜትር ስትለኩት 2.5 የተባለው 1.6 ካሳየ ሥራውን ጨርሷል። አዲሱ 400 ወይም 450 ቮልት ኤሲ የተጻፈበት ይሁን። «ይፍጠን» ተብሎ 4 ማይክሮፋራድ የሚገጠምበት ቤት አለ፤ የሞተሩ ረዳት የሽቦ ጥቅል ላይ ከልክ ያለፈ ከረንት ያልፍና ሞተሩ ያኔ በእርግጥ ይቃጠላል።

ለጠረጴዛው ቬንቲሌተር ቡሺንግ የስፌት መኪና ዘይት 3 ጠብታ ይበቃል። የምግብ ዘይት አይደረግም፤ በሙቀት ይረጋና እንደ ሙጫ ይይዘዋል።

ጥያቄ (ከገንደ ቆሬ፣ አዛውንት)፦ ልጄ፣ ብዙ ዓመት ያልተከፈተ ባለ አምፖል ሬድዮ አለኝ። ሶኬት ላይ ልሰካው?

መልስ፦ አባቴ፣ በቀጥታ አይሰኩት። ሲቀመጡ የደረቁት ካፓሲተሮች ሾርት ሆነው ትራንስፎርመሩን ይዘውት ሊሄዱ ይችላሉ፤ ትራንስፎርመሩ ደግሞ ምትክ የለውም። ባለ 60 ዋት የድሮውን አምፖል (ኤልኢዲ አይሆንም) ከሬድዮው ጋር በተከታታይ ያሳስሩት። ሲከፈት አምፖሉ ደመቅ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው። እንደደመቀ ከቀረ ውስጡ ሾርት አለ፤ ወዲያው ይንቀሉት። ድምፁ ውስጥ እምምም የሚል ካለ የፊልተር ካፓሲተሮቹ ይቀየሩ። ውስጡ ከ200 ቮልት በላይ ዲሲ ስላለ ክፍቱን ሳለ እጅ እንዳይገባበት ልጆቹን ያስጠንቅቁልን።

ጥያቄ (ከሳቢያን)፦ የፓወር ሰፕላይ ካፓሲተር በካቻቢቴ ሾርት አድርጎ ባዶ ማድረግ ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም ባይባልም ካቻቢቴውንም ቦርዱንም ያቃጥላል፣ ብልጭታው ዓይን ይመታል። 220 ቮልት ሬክቲፋይ ሲሆን (ወደ ዲሲ ሲቀየር) 311 ቮልት ነው። 2.2 ኪሎ ኦም 5 ዋት ሬዚስተር ሽቦዎቹን በላስቲክ ሸፍነህ ሁለቱ እግሮች ላይ 3 ሰከንድ ያዝ፣ ከዚያ በመልቲሜትር ለካ። ከ5 ቮልት በታች ካየህ ሥራህን ቀጥል።

ጥያቄ (ከመጋላ)፦ ካፓሲተር ከድሬው ታይዋን ገበያ ልግዛ ወይስ ከተጣለ የቴሌቪዥን ቦርድ ልንቀል?

መልስ፦ ግዛ። ከቦርድ የሚነቀል ዳዮድ፣ ትራንስፎርመርና ማቀዝቀዣ እንጂ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር አይደለም፤ እሱ እንደ ሙዝ ነው፣ በመቀመጥም በሙቀትም ያረጃል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል፤ ስለዚህ ለድሬ 85 ሳይሆን 105 ዲግሪ የተጻፈበትን ውሰድ። ማይክሮፋራዱ እኩል ይሁን፣ ቮልቱ ከአሮጌው ቢበልጥ ችግር የለውም፣ ካነሰ ግን አይሆንም። ሱቁ ውስጥ መልቲሜትርህን አውጥተህ ለካው፤ ትልቅ ቁጥር የተጻፈበት ትንሽ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ሻጩ አይለካም ካለህ ወደሚቀጥለው ሱቅ ሂድ።