ካናፔ የሚበላ ነው ወይስ የሚቀመጡበት?

ጥያቄ፦ በደረሰኝ የግብዣ ጥሪ ላይ «ከእራት በፊት ካናፔ ይቀርባል» የሚል አነበብሁ። ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ወዳጄ ቃሉ «ሶፋ» ማለት ነው ብሎ ሳቀብኝ። ማንኛችን ነን የተሳሳትነው?

መልስ፦ ማንኛችሁም አልተሳሳታችሁም። በፈረንሳይኛ ካናፔ ዛሬም ሶፋ ነው፤ ምግቡም ስሙን የወረሰው ከዚሁ መቀመጫ ነው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ፈረንሳውያን በትንሽ ቁራሽ ዳቦ ላይ ተደላድሎ የተቀመጠውን አይብ፣ ዓሣ ወይም እንቁላል ሶፋ ላይ ከተቀመጠ ሰው ጋር አመሳስለው ቁራሹን ካናፔ አሉት። እንግሊዝኛ ቃሉን በምግብነቱ የተዋሰው ከመቶ ዓመት ያህል በኋላ ነው።

ምሳሌው የተዋጣለት መሆኑ የሚታየው አሠራሩን ቀረብ ብለው ሲያዩት ነው። ዳቦው ጠርዙ ተከርክሞ፣ በስሱ ተቆርጦ ይጠበሳል፤ ቀጥሎ ቅቤ ወይም ለስላሳ አይብ ይቀባል። ቅባቱ ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ ከላይ የሚቀመጠው ነገር እርጥበት ዳቦውን እንዳያላሽቀው ይከላከላል። ሶፋው ከላሸቀ እንግዳው ከነልብሱ ወለል ላይ ነው! መጠኑም አንድ ጉርሻ፣ ቢበዛ ሁለት መሆን አለበት፤ በአንድ እጁ ብርጭቆ ይዞ የቆመ ሰው ቢላዋና ሹካ የሚይዝበት ሌላ እጅ የለውምና።

የቃሉ ሥር ግን ከሶፋውም ይርቃል። በጥንታዊ ግሪክ «ኮኖፕስ» ትንኝ ሲሆን፣ «ኮኖፔዮን» ደግሞ ትንኝን የሚከላከል መጋረጃ ያለው አልጋ፣ ወይም መጋረጃው ራሱ፣ በእኛ አነጋገር አጎበር ነበር። የመጽሐፈ ዮዲት አንባቢዎች ሳያውቁት ተዋውቀውታል፤ በምዕራፍ 10 የአሦር ጦር አዛዥ ሆሎፎርኒስ ከሥሩ ያረፈበትን፣ በወርቅና በከበሩ ድንጋዮች ያጌጠውን የአልጋ መጋረጃ የግሪኩ ጽሑፍ የሚጠራው በዚሁ ቃል ነው፤ ዮዲትም አንገቱን ከቆረጠች በኋላ ከምሰሶዎቹ ላይ አውርዳ የወሰደችው ይህንኑ ነው። ቃሉ በላቲን በኩል ወደ አውሮፓ ቋንቋዎች ሲሻገር ለሁለት ተከፈለ፤ እንግሊዝኛ መጋረጃውን ይዞ «ካኖፒ» አለ፣ ፈረንሳይኛ መቀመጫውን ይዞ «ካናፔ» አለ።

ካናፔን «ኦርዴቭር» ከሚባለው ጋር የሚያምታቱም አሉ። ይህኛው ቃል በቃል «ከሥራው ውጭ» ማለት ሲሆን፣ መጀመሪያ ከዋናው ሕንፃ ንድፍ ውጭ ለሚሠራ ተጨማሪ ቤት ያገለግል የነበረ የግንበኞች ቃል ነው፤ በኋላ ከዋናው ምግብ አስቀድሞ ለሚቀርብ ማንኛውም ነገር ተሰጠ። ስለዚህ ካናፔ ሁሉ ኦርዴቭር ነው፤ ከሥሩ ዳቦ ወይም ብስኩት የሌለው ኦርዴቭር ግን ካናፔ አይባልም። በእኔ አስተያየት ኦርዴቭርን «የአፍ ማሟሻ» ብንለው ምንም አይጎድልበትም፤ ካናፔን ግን እንዳለ መውሰዱ ይሻላል፤ «ማሟሻ» ከሥር ያለውን ዳቦ አይናገርምና።