ትንንሽ የግል አውሮፕላኖች ለምን ይወድቃሉ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በአየር መንገድ ስንጓዝ ብዙም አንሰጋም። የግል ትንሽ አውሮፕላን ወደቀ ሲባል ግን በየጊዜው እንሰማለን። አውሮፕላኖቹ ሲሠሩ ደካማ ሆነው ነው?

መልስ፦ አይደለም። የግል በረራ በበዛበትና መዝገቡም በጥንቃቄ በሚያዝበት በአሜሪካ፣ ሰው የሚሞትበት የትንንሽ አውሮፕላን አደጋ በየ100,000 የበረራ ሰዓቱ ወደ አንድ ይጠጋል። በአየር መንገዶች በረራ ይህ ቁጥር በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው። የግል አብራሪ ብዙ ጊዜ ያለው አንድ ሞተር ነው። አጠገቡ ረዳት አብራሪ የለም፤ የአየሩን ሁኔታ አይቶ «ዛሬ አትነሣም» የሚለው አለቃም የለበትም። የአገሪቱ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ለሞት ከሚዳርጉት ምክንያቶች ፊተኛ አድርጎ የሚጠቅሰው አውሮፕላኑን አየር ላይ መቆጣጠር አለመቻልን ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ይህ የሚሆነው ክንፉም ሞተሩም ደህና ሆነው ሳለ ነው።

ጥያቄ፦ ሞተሩ አየር ላይ ቢጠፋ እንደ ድንጋይ ይወርዳል?

መልስ፦ አይወርድም፣ ይንሳፈፋል። ባለ አራት መቀመጫው ሴስና 172 ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ነፋስ ከሌለ ከ1,000 ሜትር ከፍታ ወደ 9 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ይህ የሚሆነው ግን ፍጥነቱ በሰዓት 125 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲጠበቅ ነው። ስለዚህ የአብራሪው የመጀመሪያ ሥራ አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ ይህን ፍጥነት መያዝ ነው፤ ቀጥሎ ማረፊያ ሜዳ ይመርጣል። የነዳጅ መምረጫውን፣ የካርቡራቶር (ነዳጅና አየር የሚቀላቀሉበት ክፍል) ማሞቂያውንና የማግኔቶ (ለሞተሩ ሻማ ብልጭታ የሚሰጠው ክፍል) ማብሪያውን የሚነካካው ከዚያ በኋላ ነው። ሬዲዮው ይቆየው፤ በሬዲዮ የሚሰማው ሰው አውሮፕላኑን አያበርለትም።

ክፉው ሰዓት ሞተሩ ከመሬት እንደተነሣ ወዲያው ሲጠፋ ነው። ልብ ወደ መንደርደሪያው ተመለስ ተመለስ ይላል። ነገር ግን በመደበኛው የመዞር ፍጥነት፣ ማለትም በሴኮንድ 3 ዲግሪ፣ ግማሽ ዙር ብቻ አንድ ደቂቃ ይፈጃል፤ በዚያች ደቂቃ አውሮፕላኑ 200 ሜትር ያህል ከፍታ ያጣል። ከግማሽ ዙሩ በኋላም ከመንደርደሪያው ጎን እንጂ በቀጥታ መስመሩ ላይ ስለማይሆን መስመሩን ለመያዝ ተጨማሪ መዞር ያስፈልጋል። አብራሪው ላፋጥነው ብሎ ክንፉን አብዝቶ ካጋደለ ደግሞ በሚቀጥለው መልስ ወደምናነሣው ችግር ይገባል። ከፍታው ዝቅተኛ ከሆነ ወደ ፊት፣ ከግራም ከቀኝም ከ30 ዲግሪ ባልበለጠ ማዕዘን ውስጥ በተገኘው ቦታ ማረፍ ይሻላል። አውሮፕላኑ ሊሰባበር ይችላል፤ በዝግታና በቁጥጥር መሬት የነካ ሰው ግን የመትረፍ ዕድሉ ሰፊ ነው።

ጥያቄ፦ ሞተሩ እየሠራ፣ ሊያርፍ ጥቂት ሲቀረው በአፍንጫው የሚተከለውስ ምን ሆኖ ነው?

መልስ፦ ክንፉ ማንሣት አቅቶት ነው። ክንፍ አየሩን የሚገጥምበት ማዕዘን ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ግድም ሲያልፍ ከላይ የሚፈሰው አየር ከክንፉ ገጽ ይላቀቃል፤ የማንሣት ኃይሉም በድንገት ይቀንሳል። አብራሪዎች ይህን ስቶል ይሉታል። ብዙ ሰው የሚስተው፣ ይህ የሚከሰትበት ፍጥነት አንድ ብቻ አለመሆኑን ነው። ቀጥ ብሎ ሲበር በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ላይ ስቶል የሚያደርግ አውሮፕላን፣ ከፍታውን ጠብቆ በ45 ዲግሪ ተጋድሎ ሲዞር በ107 ላይ፣ በ60 ዲግሪ ሲዞር ደግሞ በ127 ላይ ስቶል ያደርጋል።

አሁን ወደ ማረፊያው የሚወስደውን የመጨረሻ መታጠፊያ ያስቡ። ነፋስ ከኋላ ገፍቶት አብራሪው መስመሩን አልፎታል። አብዝቶ ማጋደል ስለሚፈራ አፍንጫውን በእግሩ ፔዳል ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ አፍንጫው ሲወርድበት መሪውን ወደ ራሱ ይስባል። የውስጠኛው ክንፍ ቀድሞ ስቶል ያደርግና አውሮፕላኑ እየተሽከረከረ ይወርዳል። መውጫው የታወቀ ነው፦ የሞተሩን ኃይል መቀነስ፣ መሪውን ከግራና ቀኝ ወደ መሀል መመለስ፣ ከሽክርክሪቱ በተቃራኒ ያለውን ፔዳል እስከ መጨረሻው መርገጥ፣ ከዚያም መሪውን ወደ ፊት መግፋት። ይህ ሁሉ ግን ከፍታ ይበላል፤ ከመሬት 150 ሜትር ላይ ያለ አብራሪ ከፍታውን ከየትም አያመጣውም። መስመሩ ካለፈ ማረፉን ትቶ እንደገና መነሣትና መዞር ነው።

ጥያቄ፦ ደመና ውስጥ የገባ ደህና አውሮፕላን ለምን ይወድቃል?

መልስ፦ አድማስ ሲጠፋ ሰውነት ስለሚዋሽ ነው። በውስጠኛው ጆሮ ያለው ፈሳሽ መዞርን የሚነግረን በጅምሩ ብቻ ነው። መዞሩ ሳይለዋወጥ ለ20 ሴኮንድ ያህል ከቀጠለ ፈሳሹ ካለበት የጆሮ ቦይ ጋር እኩል ይሄዳል፤ አብራሪውም ቀጥ ብዬ እየበረርኩ ነው ይላል። ከፍታው ሲቀንስበት መሪውን ይስባል። ክንፉ እንደተጋደለ ስለሆነ ግን መሳቡ ጥምዝምዙን ከማጥበቅ በቀር አያነሣውም።

እ.ኤ.አ. በ1954 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ጥናት በመሣሪያ ብቻ መብረር ያልሠለጠኑ 20 ሰዎች አየሩ የተጋረደ እንዲመስላቸው ተደርጎ በረሩ። ሃያውም አውሮፕላኑን መቆጣጠር አቃታቸው፤ ለዚህ የወሰደባቸው ጊዜ በአማካይ 178 ሴኮንድ ነበር። ደመና ደግሞ የግድ አይደለም። የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ልጅ ጆን ኤፍ. ኬኔዲ ጁኒየር ሐምሌ 16 ቀን 1999 (እ.ኤ.አ.) ማርታስ ቪንያርድ ደሴት አቅራቢያ ፓይፐር ሳራቶጋውን ይዞ ባሕር የገባው በጭጋጋማ ጨለማ ሌሊት ነው። በመሣሪያ የመብረር ፈቃድ አልነበረውም። ከሥር ጥቁር ባሕር፣ ከላይ ጥቁር ሰማይ ሲሆን አድማስ የለም።

ሳያስብ ደመና ውስጥ የገባ አብራሪ ዓይኑን ሰው ሠራሽ አድማስ በሚባለው መሣሪያ ላይ ተክሎ ክንፉን ያስተካክል፤ አውቶፓይለት (አውሮፕላኑን በራሱ የሚያበር መሣሪያ) ካለው ይክፈተው። ከተረጋጋ በኋላ፣ ፊት ለፊት ተራራ አለመኖሩን አውቆ፣ በዝግታ ዞሮ በመጣበት ይመለስ።

ጥያቄ፦ አንዳንዴ በወደቀ አውሮፕላን ውስጥ ነዳጅ ይገኛል፤ ሞተሩም ሲፈታ ደህና ነው። ታዲያ ለምን ጠፋ?

መልስ፦ ሁለት ነገር እንጠረጥራለን። አንደኛው የነዳጅ መምረጫው ነው። ነዳጁ በግራና በቀኝ ቋት ተከፍሎ ይቀመጥና አንዱ ሲያልቅ አብራሪው ወደ ሌላው ሳያዞር ይቀራል፤ ወይም ሲያዞር እጁና ዓይኑ ከበረራው ይርቃል። ዘፋኙ ጆን ዴንቨር ጥቅምት 12 ቀን 1997 (እ.ኤ.አ.) ሞንተሬይ ባሕረ ሰላጤ የወደቀባት ሎንግ ኢዜድ የተባለች ትንሽ አውሮፕላን መምረጫዋ ከአብራሪው ግራ ትከሻ ጀርባ ነበር። መርማሪዎቹ እንደደመደሙት፣ እሱን ለመድረስ ሲታገል ሳያውቅ የቀኙን ፔዳል ረግጦ አውሮፕላኑ ከቁጥጥሩ ወጣ።

ሁለተኛው በረዶ ነው፤ ሲቀልጥ ምልክት አይተውም። ካርቡራቶር ውስጥ ነዳጁ ሲተንና አየሩ በጠባቡ ጉሮሮ ሲያልፍ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ እርጥበት ባለበት ቀን ውጪው 20 ዲግሪ ሆኖ እንኳ ውስጡ በረዶ ይሠራል። የሞተሩ ዙር ያለ ምክንያት ቀስ እያለ ይቀንሳል። ማሞቂያው በግማሽ ሳይሆን ሙሉ በሙሉ መከፈት አለበት። ሲከፈት ሞተሩ መጀመሪያ የባሰ ይንተፋተፋል፤ የቀለጠውን ውሃ እየዋጠ ነውና። ብዙዎች እዚህ ላይ ደንግጠው ይዘጉታል፤ ስሕተቱም እሱ ነው። መዘግየትም አይቻልም፤ ማሞቂያው ሙቀቱን የሚያገኘው ከጭስ ማውጫው ስለሆነ ሞተሩ ከጠፋ እሱም ይበርዳል።

ጥያቄ፦ እግር ኳስ ተጫዋቹ ኤሚሊያኖ ሳላ ሲሞት በደሙ ውስጥ መርዛማ ጋዝ ተገኘ ተብሏል። ከየት መጣ?

መልስ፦ ከጭስ ማውጫው። የብዙ ትንንሽ አውሮፕላኖች የመቀመጫ ክፍል ማሞቂያ የሚሠራው በትኩሱ የጭስ ቱቦ ዙሪያ አየር በማሳለፍ ነው። ቱቦው ሲሰነጠቅ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሽታም ቀለምም የለውም። ጥር 21 ቀን 2019 (እ.ኤ.አ.) በፓይፐር ማሊቡ ይጓዝ የነበረው የሳላ ደም የጋዙ ሙሌት 58 በመቶ ነበር። አብራሪው ለሌሊት በረራ ፈቃድ አልነበረውም፤ እሱም ሳይመረዝ እንዳልቀረ መርማሪዎቹ ገምተዋል። ድምፅ የሚያሰማ መመርመሪያ ኪስ ውስጥ ይገባል፤ ያለ እሱ ማሞቂያ መክፈት ለእኛ ሞኝነት ነው። ራስ ምታት ከመጣ ማሞቂያውን ዘግቶ የውጭ አየር መክፈትና ቶሎ ማረፍ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ፈቃድ ያለው ጓደኛዬ አብረን እንብረር አለኝ። ምን ልጠይቀው?

መልስ፦ መጨረሻ የበረርከው መቼ ነው ይበሉት። የአሜሪካ ደንብ መንገደኛ ለመጫን ባለፉት 90 ቀናት 3 ጊዜ ተነሥቶ ማረፍን ይጠይቃል። ስንደርስ ስንት ደቂቃ የሚያስበርር ነዳጅ ይተርፋል ብለውም ይጠይቁት፤ የዚያው አገር ሕግ ዝቅተኛው በቀን 30፣ በሌሊት 45 ደቂቃ ነው፤ እኛ አንድ ሰዓት እንመርጣለን። ክብደትዎን ሳያፍሩ እውነተኛውን ይንገሩት፤ ሻንጣውንም ይመዝኑ። «ለሠርጉ መድረስ አለብን» የሚለውን ቃል ግን ከአፍዎ አያውጡ፤ ስንቱን አብራሪ መጥፎ አየር ውስጥ የከተተው እንዲህ ያለ ቀጠሮ ነው።

ከተቀመጡ በኋላ የትከሻውን ቀበቶ ይሰሩ። ከዚያ ወንበርዎን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ገፍተው መቆለፉን ያረጋግጡ፤ ጓደኛዎም የራሱን እንዲያረጋግጥ ይንገሩት። በአንዳንድ የሴስና አውሮፕላኖች ሲነሡ የአብራሪው ወንበር በሐዲዱ ላይ ወደ ኋላ ሾልኮ፣ እሱም እንዳይወድቅ የጨበጠውን መሪ ስቦ፣ አውሮፕላኑ ገና ከመሬት እንደለቀቀ ስቶል አድርጎ የወደቀበት ጊዜ አለ።