ድድና የአፍ መጉመጥመጫ፦ የጥርስ ሐኪሙ ይመልሳሉ

ቡና ወዳድ፦ ዶክተር፣ ለድዴ የታዘዘልኝ ክሎርሄክሲዲን የተባለው መጉመጥመጫ ጥርሴን ቡናማ አደረገው። ልተወው?

ሐኪሙ፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ ደስ ይለኛል። ክሎርሄክሲዲን አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ስላለው አሉታዊ ሙል ካለው የባክቴሪያ ሽፋን ጋር ተጣብቆ ይቀዳደዋል። ትልቁ ጉልበቱ ግን ይህ አይደለም፤ በጥርስና በድድ ላይ ቀርቶ ለሰዓታት ቀስ በቀስ ይለቀቃል። በ1970 እ.ኤ.አ. ሎ እና ሺዮት የተባሉ ተመራማሪዎች ጥርስ መቦረሽ ባቆሙ ሰዎች ላይ ሞክረውት፣ 0.2 በመቶውን በቀን ሁለት ጊዜ መጉመጥመጥ ብቻ ፕላክ (ጥርስ ላይ የሚጣበቀው የባክቴሪያ ንብርብር) እንዳይጠራቀም አድርጓል። ቡናማው ቀለም ከቡናና ከሻይ ጋር ሲገናኝ የሚመጣ ነው፤ ክሊኒክ ሲጸዳ ይለቃል። ሐኪም ከወሰነልዎ ጊዜ አያስረዝሙት። ከተቦረሹ በኋላም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ፤ አረፋ የሚያወጣው የጥርስ ሳሙናው ንጥረ ነገር የክሎርሄክሲዲኑን ኃይል ይገድለዋል።

ሜሮን፦ ጥሩ የጥርስ ሳሙና የቱ ነው?

ሐኪሙ፦ ለምን? ለመድማት? ለመቦርቦር? ለሽታ? ሳይነግሩኝ አልመልስም።

ሜሮን፦ ለድድ መድማት።

ሐኪሙ፦ ስታነስ ፍሎራይድ (የቆርቆሮና የፍሎራይድ ውህድ) ያለበትን ይፈልጉ። ቆርቆሮው ባክቴሪያውን ያዳክማል፣ ፍሎራይዱ ጥርሱን ያጠነክራል። ሁለት ሳምንት በደንብ ቦርሸው መድማቱ ካላቆመ ይመርመሩ።

ጌታሁን፦ ትራይክሎሳንስ?

ሐኪሙ፦ ይህን ፀረ-ባክቴሪያ ኬሚካል በአሜሪካ ይጠቀምበት የነበረ አንድ የታወቀ የጥርስ ሳሙና በ2019 እ.ኤ.አ. ትቶታል። አይጨነቁበት።

የወይራ ልጅ፦ ይህ ሁሉ ኬሚካል ለምን? አያቶቻችን በወይራ መፋቂያ ጥርሳቸውን ይዘው አርጅተዋል።

ሜሮን፦ ወንድሜ፣ የኔ አያት በመፋቂያ ፍቀው ፍቀው በመጨረሻ ሁለት ጥርስ ነበር የቀራቸው።

የወይራ ልጅ፦ ስኳር ይበሉ ነበር እንጂ!

ሜሮን፦ ስኳር ያኔ የት ነበር?

ሐኪሙ፦ በቃችሁ። መፋቂያ የሚሠራው በዋናነት በመፈግፈጉ ነው፤ ጫፉ በደንብ ታኝኮ ከለሰለሰ ፕላክ ያነሣል። በጥርሶች መካከል ግን አይገባም። ፕላክ ባክቴሪያው ራሱ ባመነጨው ሙጫ ውስጥ ተደብቆ ስለሚኖር፣ ሳይፈገፍጉ መጉመጥመጥ ሽሮ የያዘበትን ድስት ውሃ ሞልቶ እንደመተው ነው። ላዩን ያለውን ይነካል፣ ታች ያለው ይቀራል። መጀመሪያ ይቦርሹ!

ሰላማዊት፦ ለአራት ዓመት ልጄ መጉመጥመጫ ልስጠው?

ሐኪሙ፦ አይስጡት፤ ይውጠዋል። የአተር ፍሬ የሚያክል የጥርስ ሳሙና ይበቃዋል፤ እርስዎ ይቦርሹለት።

ዳዊት፦ ቲሞልና ሜንቶል (በዕፅዋት ዘይት ውስጥ የሚገኙ ንጥረ ነገሮች) ያለበት መጉመጥመጫ ከክሎርሄክሲዲን ጋር ሲነጻጸር?

ሐኪሙ፦ ቲሞል፣ ዩካሊፕቶል፣ ሜንቶልና ሜቲል ሳሊሲሌት የባክቴሪያውን ሽፋን ይሰብራሉ። ክሎርሄክሲዲንን ያህል አፍ ውስጥ አይቆዩም፤ ቀለም የማስያዝ ጣጣቸው ግን ያነሰ ነው፣ ለረጅም ጊዜም ይስማማሉ። አልኮል የሌለበትን ይምረጡ፤ አፍዎ የሚደርቅ ከሆነ በተለይ።

ብርሃኑ፦ ዶክተር፣ ክሎርሄክሲዲን ከተቦረሽኩ ወዲያው መጠቀም እችላለሁ?

ሐኪሙ፦ ከላይ ያለውን አንብብ። ግማሽ ሰዓት!